የአቶ ጆሳያ ሴት ልጆች

ሰው ዘመድ ሲፈልግ የራሱን ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸውን፣ በሥጋም በአገርም የማይገናኙኝን ሦስት ፈረንጅ እህትማማቾች ስፈልግ የበረዶውን ወራት በሙሉ ፈጀሁት። «ምን አገባህ?» የሚለኝ ካለ ልክ ነው፤ ምንም አላገባኝም። መጨረሻው ላይ ግን ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ተላከብኝ፤ ሰባ ስድስት ዓመት ለሞላት ሙሽራ የአባትነት እሺታዬን ተጠየቅኩ። እዚያ እንዴት እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። በሥራ ቀናት ያረጁ ሰዎችን በቫን ወደ ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ኩን ራፒድስ ትኖራለች። ከሪችፊልድ ኩን ራፒድስ ግማሽ ሰዓት ነው ይላል ስልኬ፤ ስልክ ምን ያውቃል። ስደውልላት «ዳድ፣ አይል ኮል ዩ ባክ» ትለኛለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሁለት ሥራና ሁለት ሕፃናት አሉባት። እሷ መልሳ ስትደውል ደግሞ እኔ ቫን እየነዳሁ ነው። እንዲህ እየተላለፍን ዓመቱ ያልቃል።

ብቸኝነት በሥራ ቀን ብዙ አያስቸግርም። የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወለሌን ወልውዬ፣ ልብሴን አጥቤ፣ ሽሮዬን ሠርቼ ስጨርስ ሰዓቱ ገና አራት ነው። የቀረውን ቀን ምን ላድርገው? አንድ ቀን የታጠበ ልብስ መልሼ አጥቤያለሁ። ቆሽሾ አይደለም፤ ማሽኑ ሲዞር ቤት ውስጥ ድምፅ ይኖራል ብዬ ነው።

ሚስ ዶረቲ በቫኔ ከሚመላለሱት አንዷ ነበረች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ዓይኗ ስለደከመ መኪና መንዳት ተከልክላለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን ለወዳጅ አንቱ ማለት ያርቃል። አንድ ቀን ከዓይን ሐኪም ስመልሳት «ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ልብስ አጥባለሁ» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«መልሼ አጥባለሁ።»

ስትስቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያም ሴይንት ፖል ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘር ሐረጋቸውን የሚቆፍሩ አዛውንቶች እዚያ እንደሚሰበሰቡ፣ እሷም የሚያደርሳት ስላጣች መቅረቷን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሯ ላይ ነበርኩ። ቀጠሮአችን ሦስት ሰዓት ነበር።

ዶረቲ የምትፈልገው በእናቷ በኩል የሚመዘዘውን የአቶ ጆሳያ ዊትሎክን ቤተሰብ ነው። አቶ ጆሳያ አሜሪካ ገና አገር ስትሆን ኮነቲከት ውስጥ የኖረ ገበሬ ነው። የወንዶች ልጆቹ ታሪክ እስከ ላማቸው ድረስ ተመዝግቧል፤ ማን ስንት በግ እንደነበረው ይታወቃል። ሦስቱ ሴት ልጆቹ ግን አንድ ገጽ ላይ ተወልደው ሌላ ገጽ ላይ የሉም። ስማቸው መርሲ፣ ፔሸንስና ታንክፉል ይባላል። እኔም በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ምሕረት፣ ትዕግሥትና ምስጋና ሆኑ። ፈረንጅ ሆነው የጀመሩ ሴቶች ወዲያው የሠፈሬ ልጆች ሆነው ቁጭ አሉ። ምሕረት የምትባል የአክስት ልጅ አለችኝ፤ ከትዕግሥት ጋር አንድ ክፍል ተምሬያለሁ። የሰው ዘመዶች ናቸው ብሎ መተው ከዚያ በኋላ አልሆነልኝም።

ዶረቲ ታላቂቱን፣ ምሕረትን፣ አግኝታታለች፤ ዶረቲ ራሷ የተወለደችው ከእሷ ዘር ነው። «አንተ ፔሸንስን ፈልግልኝ፤ ታንክፉል ትቆየን» ብላ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። እኔም በሙሉ ልብ ጀመርኩ። ትዕግሥት የማን ልጅ ናት? የጆሳያ። እንግዲያው ትዕግሥት ጆሳያ ትባላለች። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? «ፔሸንስ ጆሳያ» ብዬ ጻፍኩና ጆርጂያ ውስጥ አገኘኋት። ባሏን አገኘሁ፣ ልጆቿን አገኘሁ፣ የልጅ ልጆቿን አገኘሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያተምኩ በተከታታይ ቅዳሜዎች የወረቀት ክምር ሠራሁ። በመጨረሻ ክምሩን በሁለት እጄ ታቅፌ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩና አዛውንቶቹ እስኪያጨበጭቡልኝ ጠበቅኩ። የቡድኑ ሰብሳቢ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ገጽ አነበበ። ሴትዮዋን ከእኛ ጆሳያ ጋር የሚያገናኛት አዳም ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ያን ጊዜ ዶረቲ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። በእነሱ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ቤት ስም ትታ የባሏን ትይዛለች። ባሏ ሞቶ ሌላ ካገባች ደግሞ የሁለተኛውን ትይዛለች። ስለዚህ ሴትን መፈለግ ማለት በመጀመሪያ ያገባትን ወንድ መፈለግ ነው። ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም ብትፈታም የአባቷ ስም አብሯት ይቀበራል፤ ከሁለት ትውልድ በኋላ የምንጠፋው ወንዶቹ ነን። ድንጋጤዬን ያባሰው ግን ሌላ ነገር ነው። የራሴም ልጅ እዚህ ስታገባ የባሏን ስም ይዛለች። የተጋቡትም ፍርድ ቤት ነው፤ እኔ በስልክ ቪዲዮ ነው ያየሁት። ያን ቀን ዶረቲን ቤቷ አድርሼ ስመለስ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ለመንገድ ሻይ በቴርሞስ እይዛለሁ፤ ዶረቲ ብስኩት ትይዛለች። እኔ ባለማጉያውን መነጽር እይዝላታለሁ፣ እሷ የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ታነባለች። ቤቷ ሳደርሳት «ስትደርስ ደውልልኝ» ትለኛለች። «ስትደርስ ደውልልኝ» የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ። እደውላለሁ፤ ምሳ በልታ እንደሆነም እጠይቃታለሁ፤ አንዳንዴ ከመኪናው ሳልወርድ ነው የምደውለው።

ሃሮልድ የመጣው በረዶው ከበረታ በኋላ ነው። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ፖስታ ሲያድል የኖረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጆሮው በመሣሪያ የሚሰማ፣ ግራ ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሰው ነው። የአያቱን ወገን ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ የአያቱ ቤተሰብ በድሮ ጊዜ ያሳተመውን የቤተሰብ መጽሐፍ ይዞ መጣና ሲገለጥ የዘሩ እናት ተብላ የተጻፈችው ፔሸንስ ዊትሎክ፣ የጆሳያ ልጅ ሆና ተገኘች። ትዕግሥት ተገኘች። ዶረቲና ሃሮልድ ተቃቀፉ። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ደስታዬ እስከ መኪናው ድረስ ነበር። ሃሮልድ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ከፊት ተቀመጠ። ዶረቲ ከኋላ ሆና ወደ ፊት ዘንበል እያለች፣ እሱ ስለማይሰማ ጮክ እያለች፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አያቶቻቸው ተጫወቱ። እኔ መንገድ አየሁ። ሹፌር ሆንኩ ማለት ነው። ሹፌርነት እንጀራዬ ነው፣ አላፍርበትም፤ ቅዳሜ ግን ሹፌር አልነበርኩም።

በረዶው ሊያልቅ ቀኑ ሲረዝም ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዙኝ። በያይነቱ መጣ፤ ሃሮልድ ሹካ ጠየቀ። ዶረቲ ጣቶቿን ጠረገችና «ወዳጄ፣ የምንነግርህ ነገር አለ። በፀደይ ልንጋባ ነው» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከወጣ በኋላ ግን ምክንያቱ ራሱ እየሮጠ መጣልኝ። በጣቴ ቆጠርኩላቸው። በዶረቲ በኩል አቶ ጆሳያ ስድስተኛ ቤት ላይ ነው። በሃሮልድ በኩልም ስድስተኛ ቤት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ የሚጋቡ ሰዎች ዘራቸው የሚቆጠረው ለዚህ ነው። አንድ ቤት ጎድሏል። «ስለዚህ እናንተ እህትና ወንድም ናችሁ» አልኳቸው።

ሃሮልድ የጆሮውን መሣሪያ ነካ ነካ አደረገ። «ምን ናችሁ ነው የሚለን?»

«እህትና ወንድም» አለችው ዶረቲ።

«እህት ኖሮኝ አያውቅም» አለ ሃሮልድ። ቅር ያለው አይመስልም። ትንሽ አሰበና «ሕጉ ግን የሚከለክለን አይመስለኝም» አለ።

«ሕጉ ምሳ በላሽ ወይ ብሎ ደውሎልኝ አያውቅም» አለች ዶረቲ። «እሱ ይደውልልኛል። እሱ ካልፈቀደ አላገባም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ፈራሁ እንጂ። የሰው ልብ እጄ ላይ ወድቆ መያዣው ጠፋኝ። የቀረውን ምሳ ማንም በደንብ አልበላውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለወይንሸት ነገርኳት። ወይንሸት የባለቤቴ የቅርብ ጓደኛ ነበረች፤ አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት ናት። እንደ ፈቃዱ ሆኖ የምትሠራበት ሕንጻ ሃሮልድ የሚኖርበት ነው። ታሞ ቢተኛ የምትገለብጠው እሷ ናት።

«ምን አደረግክ አልከኝ?» አለች ነጠላዋን ወደ ኋላ እየጣለች።

«ቀኖና ነው» አልኳት።

«ሰዎቹ ሉተራን ናቸው። ደግሞ ምን ይወልዳሉ ብለህ ነው? በሰማንያ ዓመት የሚወለደው የጉልበት ሕመም ነው። እኔ ናይት ሺፍት ስገባ ሃሮልድ ቲቪውን ሳያጠፋ ቁጭ ብሎ ነው የማገኘው፤ ሰው እንዳለ እንዲመስለው። አሁን ገና መተኛት ጀመረልኝ፣ አንተ ካንስል አደረግክበት።»

«እኔ ዝም ብዬ ቆጠርኩ እንጂ...»

«አንተ የምትቆጥረው ሰባት ቤት አይደለም» አለችኝ። «ቅዳሜህን ነው።»

ተቆጥቼ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መስታወቱ እስኪሞቅ ስጠብቅ ግን ቁጣዬ ቀድሞ በረደ። እውነቷን ነው፤ ቀንቻለሁ። ዶረቲን አገባለሁ ብዬ አስቤ አይደለም። ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ፤ እሱ እንዳይወሰድብኝ ነው። ለዚህ ብዬ አቶ ጆሳያን ከመቃብሩ ቀስቅሼ በር ላይ ዘበኛ አቆምኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። የቡድኑ አዛውንቶች ሁሉ የጎደለችውን አንዲት ቤት ፍለጋ ተሰማርተዋል። አንዱ በሃሮልድ በኩል የተዘለለ አያት ሊኖር ይችላል ይላል። ሌላው የጆሳያን አባት ያገላብጣል። አንዲት አሮጊት ወደ እኔ መጥተው፣ በጣም በትሕትና፣ ግማሽ ቤት ይቆጠር እንደሆነ ጠየቁኝ። አይቆጠርም አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም፤ ቡና የሚያመጣልኝ ሰው ሁሉ ነበር። ሃሮልድ ብቻ ምንም አይፈልግም፤ ከዶረቲ አጠገብ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ «የአክስቴ ልጅ ናት» እያለ ያስተዋውቃታል።

እኔም ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደምሠራ ግራ ሲገባኝ ትዕግሥት ትዝ አለችኝ። ይህ ሁሉ ሰው የሚቆጥረው የማን እናት እንደሆነች ነው፤ መቼ ሞተች ያለ የለም። የሞተችበት ቀን ቢታወቅ አንድ ጧፍ ላበራላት እችል ነበር። ተዝካሯን ማን እንዳወጣላት እግዜር ይወቅ። የባሏን ስም ከሃሮልድ መጽሐፍ ወስጄ የኮነቲከትን የመቃብር ድንጋዮች ፎቶ ማገላበጥ ያዝኩ። አገኘኋት። ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። የእገሌ ሚስት፣ የጆሳያ ዊትሎክ ልጅ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከጨቅላ ልጇ ጋር ዐረፈች ይላል።

በመጽሐፉ መሠረት ግን የሃሮልድ አያት አያት የተወለደው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ባሏ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነበር ማለት ነው፤ መጽሐፉን ያሳተሙት ሰዎች ልጆቹን ሁሉ በመጀመሪያዋ ስም ጠቅልለው ጻፏቸው። ስለዚህ ዶረቲና ሃሮልድ ደም አያገናኛቸውም፤ ነገ ጠዋት መጋባት ይችላሉ። ትዕግሥት ደግሞ ከኋላዋ ማንም አልቀረላትም። ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቼ አለቀስኩላት። ለእሷ ብቻ አለቀስኩ ብል ግን ውሸት ነው። ገጹን አትሜ አጠፍኩትና ኮቴ ኪስ ከተትኩት። ዶረቲ ወንበሯ ላይ አሸልባ ነበር፤ ስትነቃ «ምን አገኘህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ያን ሳምንት ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጦ ከእኔ ጋር ኖረ። ወተት ላወጣ ስል አየዋለሁ። ብነግራቸው ይጋባሉ፣ ሃሮልድ ከጤና ኢንሹራንሱ የሚላክለት መኪና አለው፣ ዶረቲንም አብሮ ያመላልሳታል፤ እኔ ወደ ልብስ ማጠቢያዬ። ባልነግራቸው ደግሞ በየሳምንቱ ፊቷን ማየት አለብኝ። እንዲህ ስገለባበጥ ቅዳሜም ሳልነግራቸው አለፈ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በሬ ሲንኳኳ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ፒዛ ነው፤ «ተሳስታችኋል» ልል ከፈትኩ።

ወይንሸት፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣች ነጠላዋን ተከናንባ። ከኋላዋ ሃሮልድ በሙሉ ልብስና በከረባት። ከእሱ ኋላ የቡድኑ ሰብሳቢ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

«ግቡ፣ ግቡ» አልኩ። ቤቴ ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ ሦስተኛ ከጎረቤት ልበደር ስል ወይንሸት እጇን አነሳች።

«አንቀመጥም። የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም።»

«እኔ ብቀመጥ ደስ ይለኛል» አለ ሃሮልድ።

«ሃሮልድ፣ ስታንድ» አለችው።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌ ነው የተላከብኝ። «ሙሽራ ራሱ ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም» አልኳት በአማርኛ።

«ላስቀረው ነበር» አለች። «እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄድልኛል አለኝ። ምን ልበለው?» ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና በሥርዓቱ፣ አንድ ቃል በአማርኛ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከዚህ ቤት ያለችውን ልጅ ለልጃቸው እንድሰጣቸው ጠየቀች። ረጅሙ ሰውዬ በየዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይነቀንቃል። መቆም እንጂ ሌላ ነገር አልተነገረውም መሰለኝ።

ሥርዓት ከመጣ በሥርዓት ነው የሚመለሰው። «ልጃችሁ ማን ነው? የማን ዘር ነው? ቤቱን ይቁጠር» አልኩ።

ሃሮልድ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። እናቱን፣ አያቱን፣ የአያቱን አባት፣ ሚስቶቻቸውን ሳይቀር፣ ከነመንደራቸው በቃሉ ጠራ። ወይንሸት በአማርኛ «መጨረሻዋን ዝለላት ብየው ነበር፤ አልዋሽም አለኝ» ብላ አንሾካሾከችልኝ። እሱ ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ አምስተኛዋ ላይ ደረሰ። «ፔሸንስ» አለ፣ «የጆሳያ ልጅ።» የተናገረበት ኩራት አንጀቴን በላው።

«ከዘመድ ጋር ልማከር» አልኩና መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ የልጅቱ ወገኖች ገለል ብለው ይመክራሉ። አልጋው ላይ ተቀምጬ የቁም ሣጥኑን አየሁት። የሚመክር የለም። ለልጄ ደወልኩላት፤ እግዜር ሲፈቅድ አነሳች።

«ዳድ፣ ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?»

«ሽማግሌ መጥቶብኛል።»

«ዋት? ለማን?»

«ለአንዲት የሰባ ስድስት ዓመት ልጅ።»

«ዳድ፣ አር ዩ ሲክ?»

ባጭሩ ነገርኳት። ከሥራ ቦታዋ የሰው ድምፅና የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። ከዚያ በአማርኛ፣ በተሰባበረው አማርኛዋ፣ «እኔ ሳገባ ሽማግሌ እንዲመጣ ፈልገህ ነበር?» አለችኝ።

«ፈልጌ ነበር።»

«አልነገርከኝም።»

«የሚነገር አልመሰለኝም» አልኳት። «ሶሪ፣ ዳድ» አለች። ቀጥላም «ሴትዮዋ ደስ ካላት፣ ሴይ የስ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በዚህ አገር ከዘመድ ጋር ስማከር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጣሁና ከማቀዝቀዣው ላይ ወረቀቱን አንስቼ ለሃሮልድ ሰጠሁት። አነበበው። መልሶ አነበበው። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ተቀመጠ፤ ወይንሸትም አላስነሳችውም።

«የእሷ ልጅ አይደለሁማ» አለ።

«አይደለህም። ስለዚህ ማግባት ትችላለህ።»

«የሁለተኛዋስ ስም ማን ነው?»

«አልተገኘም» አልኩት።

ሃሮልድ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ዘመድ አግኝቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ድል ያመጣሁለት መስሎኝ ነበር፤ ያለውን አንድ ነገር ነው የወሰድኩበት። ወይንሸት «ይሄ ሰው አግባ ሲባል ያለቅሳል እንዴ» አለች፤ የራሷን ዓይን ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ዶረቲ ታች መኪና ውስጥ ሂተር ተከፍቶላት ተቀምጣለች፤ ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም ብላ ወይንሸት አስቀርታት ነው። ተጠርታ መጣች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አነበበችው።

«እንግዲያው ሃሮልድ ማንም የለውም ማለት ነው» አለች።

«የለውም» አልኩ።

«እንዲህ ከሆነማ ላገባው ነው።»

ዘመድ ማጣት ለጋብቻ የሚያበቃ ከሆነ እኔም ብዙ ዓመት ብቁ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን ዋጥኩት። ዶረቲ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው ያገኘኸው?»

«አንቺ ስታሸልቢ።»

«ታዲያ ለምን ‹ምንም› አልከኝ?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። «ካገባሽ በኋላ ቅዳሜ ወዴት እሄዳለሁ ብዬ ነው» አልኳት። ረጅሙ ሰውዬ ራሱን መነቅነቁን ተወ። ዶረቲ እጄን ያዘችው፤ እጇ ከመኪናው ሙቀት ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እሺ አልኩ። አባት ነኝና መረቅኩ። የማውቀው ምርቃት አንድ ብቻ ነው፤ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አብራችሁ አርጁ» አልኳቸው። ወይንሸት ተረጎመችላቸው። ሃሮልድ አሰበበትና «ሦስተኛውን ጨርሰነዋል» አለ።

ሊወጡ ኮታቸውን ሲለብሱ ቤቱ ወደ ነበረበት ሊመለስ መሆኑ ታወቀኝ። በሩን በእጄ ይዤ «አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ። «በእኛ ባህል ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሙሽሮች ወደ ሙሽራዋ አባት ቤት ይመለሳሉ። መልስ ይባላል። አባትየው ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፣ ይጫወታሉ። ግዴታ ነው።»

«እንመጣለን» አለች ዶረቲ። «መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ሁሉም» አልኳት።

መልስ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ወይንሸት ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የስንቱን ሰው መልስ ወጥ ሠርታለች። አፏን ከፈተች። አየችኝ። መልሳ ዘጋችውና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከቅዳሴ በመጣ አንደበቷ፣ ለዶረቲ በእንግሊዝኛ «አዎ፣ በየሳምንቱ ነው» አለቻት።